ሸካራ ብየዳ ባለበት የሞተር መሪ ውስጥ ሽቦ ማሳለፍ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ለአሮጌው ያማሃ ዲቲ 125 ሞተሬ ከፍ ያለ መሪ ብየዳ ቤት አሠርቻለሁ። በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ቦታ ተቆርጦ የተበየደ ነው። ከውጭ ተሞርዶ አምሯል፤ ጣቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ግን ብየዳው ተንጠባጥቦ እንደ እሾህ ይዋጋል። የፍሬቻውን፣ የክላክሱንና የማጥፊያውን ሽቦ በውስጡ አሳልፌ ከውጭ ምንም እንዳይታይ እፈልጋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ፕላስተር ጠቅልለህ ሳበው፣ ምንም አይሆንም ይለኛል። ልስማው?»

አትስማው፣ ወንድሜ። ሽቦው አያልፍም ማለቴ አይደለም። ፕላስተር ጠቅልለህ ከሳብከው ያልፋል፤ የመጀመሪያ ቀን ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ክላክሱም ይጮሃል፣ አንተም ሥራው አለቀ ብለህ ትወጣለህ። ጣጣው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የምትገኘው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ከኋላህ የጭነት መኪና እየተከተለህ መንገድ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ሞተሩን እየገፋ መጣልኝ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ክላክሱ በራሱ ይጮሃል፤ ሲያቀናው ዝም ይላል። የእሱም መሪ እንዳንተው በብየዳ የተቀጠለ፣ ሽቦውም በውስጡ የተሳበ ነበር። እጀታውን አውልቄ ጥቅሉን ቀስ እያልኩ ሳወጣው ፕላስተሩ እንደ ላላ ካልሲ ተሸብሽቦ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ፀሐይ ላይ የቆመ መሪ ሲግል የፕላስተሩ ሙጫ ይለሰልስና ይንሸራተታል። ከሥሩ ያለው የክላክስ ሽቦ በምላጭ እንደተሰነጠቀ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከጎኑ ያለው ሽቦ ነበር። እሱ ገና አልተበሳም፤ ሆኖም አንድ የብየዳ ጠብታ ጥርስ እንደነከሰው ልባሱን አጎድጉዶ ቅርጹን አትሞበታል። የሞተር ማጥፊያው ሽቦ ነው።

ለምን እንደደነገጥኩ ላስረዳህ፤ ብዙ ሰው የሽቦ መላጥ ሁሉ መጨረሻው ፊውዝ ማቃጠል ይመስለዋል። በመሪ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም። ከባትሪ ኃይል ይዞ የሚመጣው ተልጦ ብረት ሲነካ ኮንታክት ይፈጠራል፤ ፊውዙ ትክክለኛ ከሆነ ይቃጠልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማሳ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘውን የሞተሩን ብረት፣ ሲነካ ሥራ የሚጀምርም አለ። በብዙ ሞተሮች የክላክስ ቁልፍ ሽቦውን ከማሳ ጋር የሚያገናኝ ብቻ ስለሆነ፣ ሽቦው ራሱ መሪውን ሲነካ ቁልፉን የተጫንከው ያህል ነው። በቁልፍ የሚነሱ አንዳንድ ሞተሮች ላይ የሞቶሪኖው ቁልፍም እንዲሁ ይሠራል፤ ያ ሽቦ ሲላጥ ሞቶሪኖው ሳታዘው ይዞራል።

ማጥፊያው ከሁሉም ይከፋል። እንደ ዲቲህ ባሉ በማግኔትና በሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት በሚሰጠው ኤሌክትሮኒክ ሳጥን) በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ሞተሩ የሚጠፋው የማጥፊያው ሽቦ ማሳ ሲነካ ነው። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ሽቦ ነው። እሱ ከተላጠ ፊውዝ አይቃጠልም፣ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ጉድጓድ ስትገባ ወይም መሪ ስታጥፍ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ቆመህ ስትረግጠው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መካኒኩ ካርቡራተር ይፈታል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ አንተም ገንዘብ ትከፍላለህ፤ ጥፋተኛው መሪው ውስጥ ተቀምጧል። አደባባይ መሃል ስትታጠፍ እንዲህ ቢጠፋብህ አስበው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ እንዳሻህ ብታደርገው እንኳ ይህን አንድ ሽቦ ለብቻው ተጨማሪ ልባስ አልብሰው።

ፊውዝ ካነሳን አይቀር፦ ፊውዝህ ተቃጥሎ በመዳብ ክር ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የተተካ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ሳታነብ ሂድና መጀመሪያ እሱን ቀይር። በክር የተተካ ፊውዝ ባለበት ሞተር ላይ የተላጠ ሽቦ ቀይ እስኪሆን ይግላል፤ ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው በሰልባትዮው፣ በቤንዚን ታንኩ ሥር ነው።

የብየዳው እሾህ ሽቦውን የሚበላው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስትስበው ነው፤ ያ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ንዝረት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 4,500 ዙር ሲዞር መሪውን በሴኮንድ 75 ጊዜ ያርገበግበዋል። በአንድ ሰዓት ጉዞ 270,000 ጊዜ ማለት ነው። መሪህ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ርግብግብታ ይበዛል። በሹል ነገር ላይ የተደገፈ ልባስ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይፈገፈጋል። ስለዚህ የሽቦውን ልባስ ማወፈር ጊዜ ይገዛልሃል እንጂ አያድንህም፤ መስተካከል ያለበት ብረቱ ነው።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ ከሽቦው ይልቅ ያስጨነቀኝ «ከውጭ ተሞርዶ አምሯል» ያልከው ቃል ነው። አንድ መጋጠሚያ የሚይዘው ከውጭ በተከመረው ብየዳና ወደ ውስጥ ዘልቆ በገባው ሥር ነው። በያጁ ለውበት ብሎ የውጩን ክምር እስከ ቱቦው ልክ ከሞረደው፣ አሁን አንተን ተሸክሞ የሚሄደው በቱቦው ውፍረት ልክ የቀረው ብየዳና ያ ጣትህን የሚወጋህ የውስጥ ሥር ነው። አንተ ደግሞ ሽቦ ላሳልፍ ብለህ የውስጡንም ጠርገህ ካወጣኸው መጋጠሚያው ምን ቀረው? በፍሬን ጊዜ ክብደትህ ሁሉ እጅህ ላይ ሲመጣ መሪ ቢበጠስ ፊውዝ አያድንህም። ስለዚህ የምናወልቀው ሹሉን ብቻ ነው፦ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጠብታ፣ የቆመውን ክር፣ የብየዳውን ቅርፊት። ጉብታው ራሱ ይቆይ፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ክብና ለስላሳ ይሁን እንጂ አይጥፋ።

በስልክ ላይ የሚሰካ ባለ ረጅም ገመድ ካሜራ ከተዋስክ ወይም ከገዛህ ውስጡን እየው። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። በብየዳው ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ማለትም ሁለቱ ቱቦዎች ሳይዋሃዱ የተገናኙበት ስንጥቅ ካየህ ብየዳው አልዘለቀም፤ ውጩም ተሞርዷልና መሪውን ወደ ሠራው ሰው መልሰው። ሌላው የቱቦው ዓይነት ነው። ውስጡ በሙሉ ግራጫ ብርማ ሽፋን ካለው የተሰጠህ የውሃ ቧንቧ ነው። በዚንክ ሽፋን ላይ የተበየደ ብየዳ ውስጡ በአየር ቀዳዳ ሊሞላ ይችላል፣ ጭሱም በያጁን ያሳምማል። የወንበርና የአልጋ ቱቦም ብዙ ጊዜ ለመሪ አይበቃም፤ ስስ ነው፣ ውስጡም ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ስፌት አለው። እንዲህ ዓይነት መሪ ላይ ሽቦ በማሳለፍ ጊዜህን እንድታባክን አልመክርህም። ሌላ አሠራ፤ ስታሠራም በመቁረጥ ፈንታ በማጠፊያ ማሽን የታጠፈ፣ ግድግዳው ከ2 ሚሊ ሜትር የማያንስ ቱቦ ይሁን። የግድ መቆረጥ ካለበትም በያጁ በመጋጠሚያው ውስጥ ልክክ የሚል ቁራጭ ቱቦ አስገብቶ በላዩ ይበይድ። ያ ቁራጭ መጋጠሚያውን ያጠነክረዋል፣ የብየዳው ጠብታም ወደ ሽቦው መንገድ አይደርስም።

ቱቦው ደህና ነው እንበል። ሥራው የሚጀመረው በካልሲ ነው። ስስ የሴቶች ናይለን ካልሲ ቁራጭ በጠንካራ ሲባጎ መሃል እሰርና በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሳበው። ናይለን ውሸት አያውቅም፤ ጣትህ ያልደረሰበትን፣ ካሜራው በጥላ የሸፈነውን እሾህ ሁሉ ይይዛል። በያዘበት ቅጽበት ሲባጎው ከቱቦው አፍ ላይ ያለበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርግ፤ ችግሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንዳለ በዚያ ታውቃለህ። ካልሲው አንዲት ክር ሳይመዘዝበት አሥር ጊዜ ከተመላለሰ ሽቦ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በፊት አይቻልም።

ለመሞረድ ከእጀታው በኩል ያለው የመጀመሪያ መጋጠሚያ ቀላል ነው፤ ክብ ሞረድ ከ40 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ አስበይድና በእጅህ ሥራ። ከማዕዘኑ በኋላ ላለው ደግሞ አሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ ውሰድ፣ ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በትነው፣ ሌላውን ጫፍ መሰርሰሪያ ላይ እሰርና በዝግታ አዙረው። የተበተነው ጫፍ ቀጫጭን ክሮችንና ቅርፊቱን ያራግፋል፤ ገመዱም ማዕዘኑን ተከትሎ ይታጠፋል። ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፣ ገመዱም ከቱቦው ሳይወጣ መሰርሰሪያውን አቁም። ወፍራም ጠብታ ግን በዚህ አይነሳም። ለእሱ ዘንግ ሰንጥቀህ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልልበት፣ ወይም ቶርኖ ቤት ሄደህ ረጅም አንገት ባለው መፍጫ ጫፍ አስነካው። ያልደረስክበትን ብየዳ እንደለሰለሰ አትቁጠር። ሲያልቅ ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕረሰር አስነፋው፣ በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ አሳልፍበት፣ ደረቅ ጨርቅ ድገምበት፣ ከዚያም ካልሲውን መልሰው። ውስጡ የቀረ የሞረድ ብናኝ ከጠብታው አይሻልም፤ በንዝረት ልባሱ ውስጥ ይሰካል።

አንዳንዶች ወደ ውስጥ ኢፖክሲ ወይም ፈሳሽ ጎማ አፍስሰው እሾሁን መሸፈን ይወዳሉ። እኔ አላምንበትም። ሹሉ ላይ የሚቀረው ሽፋን ሁልጊዜ ስስ ነው፣ የተላቀቀ ቁራጭ ደግሞ መንገዱን ይዘጋል።

ቀዳዳዎቹን በተመለከተ፣ መሪው ከመቀባቱ ወይም ክሮም ከመነከሩ በፊት ይበሱ። ሽቦው ከመሪው የሚወጣበት ቀዳዳ በሁለቱ የመሪ ማሰሪያዎች መሃል፣ ከታች በኩል ይሁን። ከማሰሪያው ውጭ ጥግ ላይ አትብሳ፤ መሪው በጉልበት የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። ከብየዳው አጠገብም አትብሳ፣ ቢያንስ ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ በል። 10 ሚሊ ሜትር በስተህ በሞረድ በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ ወደ እንቁላል ቅርጽ አምጣው። ጠርዙን ከውጭም ከውስጥም አለስልሰው፤ ሁሉም የሚረሳው የውስጡን ነው። ከዚያ የጎማ ቀለበት አግባበት።

አሁን ስለ ልክ እንነጋገር። 22 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ መሪ ውስጡ 18 ሚሊ ሜትር ክፍት ነው። ብየዳው ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ቢገባ ክፍቱ 12 ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ የቀነሰ ይመስላል፤ ስፋቱን ብታሰላው ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ዘጠኝ ሽቦዎች ሲጠቀለሉ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፣ ጥቅሉን ከሚያለብሰው እጅጌ ጋር 9። ስለዚህ ያልፋል፤ በፕላስተር ካወፈርከው ግን ይጨናነቃል። ለፍሬቻ፣ ለክላክስና ለማጥፊያ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። ከተገኘ ልባሱ ስስ ሆኖ ጠንካራ የሆነውን የመኪና ሽቦ ግዛ፤ ሶማሌ ተራ ከተበተነ መኪና የወጣ ንጹሕ የሽቦ ጥቅል ከአዲስ ርካሽ ሽቦ ይሻላል። ቴፍሎን የለበሰ ሽቦ የሚያወድሱልህ ይኖራሉ። ሙቀትን ይችላል፣ በደንብም ይንሸራተታል፤ ነገር ግን በሹል ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ ከተደገፈ ልባሱ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ መዳቡም ይገለጣል። ብረቱ ካልለሰለሰ እሱም አያድንህም።

የፊት መብራቱ በ12 ቮልት የሚሠራ 60 ዋት ከሆነ ወደ 5 አምፔር ይወስዳል፤ ያን ያህል ኃይል በመሪ ውስጥ ማመላለስ አልወድም። ከባትሪ በሚመጣ ቀጥተኛ ኃይል የሚበራ ከሆነ ከፊት መብራቱ ቤት ውስጥ ሬሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ግጠምለት፤ ያኔ በመሪው ውስጥ የሚያልፈው ከ0.2 አምፔር የማይበልጥ ነው። ነገር ግን በአሮጌ ዲቲዎችና መሰሎቻቸው ላይ መብራቱ በቀጥታ ከማግኔቱ በሚወጣ ተለዋጭ ኃይል የሚበራ ሊሆን ይችላል። ያ ላይ ተራ ሬሌ ብታስር ይንጫጫል እንጂ አይይዝም። መጀመሪያ በቴስተር ለካ።

ጥቅሉን በሙሉ በተጠለፈ ናይለን እጅጌ ውስጥ አስገባና ሁለቱን ጫፍ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ዝጋ። በመሪው ውስጥ ቅጥያ አይኑር። አንድም። ሽቦው ካጠረህ አውጥተህ ሙሉውን ቀይር። የማሳ ሽቦም ጨምርበት፤ የተቀባ መሪ ወይም በጎማ ላይ የተቀመጠ ማሰሪያ ጥሩ ማሳ አይሰጥም።

ለመሳብ የብስክሌት ፍሬን ገመድ መጀመሪያ አሳልፍ። ከማዕዘኑ ካላለፈልህ ትንሽ የስፖንጅ ኳስ በስስ ክር ላይ እሰርና በሌላው አፍ በኩል በቫኪዩም ሳበው፤ ክሩ ገመዱን፣ ገመዱ ጥቅሉን ይስባል። የሽቦዎቹን ጫፍ አንዱን ከሌላው አስረዝመህ እንደ ጦር ጫፍ አሹለህ እሰራቸው፤ መሰኪያዎቹ በኋላ ይገጠማሉ። የሕፃናት ፓውደር ነስንስባቸው፤ ግሪስ አትቀባ። ሥራው የሁለት ሰው ነው፦ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይስባል፣ የሚስበውም በሁለት ጣቱ ብቻ ይሳብ። ሲይዝህ ጉልበት አትጨምር። ወደ ኋላ መልሰው፣ ሩብ ዙር አዙረውና ሞክር። ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ አውጣውና እዚያ ቦታ ላይ ሞረዱን መልስ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፦ የተወጠረ ጥቅል በማዕዘኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ገደል አፍ ላይ እንደተወጠረ ገመድ ይቀመጣል። ከወጣልህ በኋላ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መልሰህ አላላው።

ባትሪ ሳታገናኝ፣ መሰኪያዎቹም ሳይሰኩ እያንዳንዱን ሽቦ ከመሪው ብረት ጋር በቴስተር ለካ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ማሰሪያው ሥር ያልተቀባ ብረት ላይ አድርገው፤ ቀለም ያታልልሃል። ከማሳው ሽቦ በቀር አንዱም እንኳ ቁጥር ማሳየት የለበትም። ይህን ስታደርግ ጓደኛህ ጥቅሉን ወጣ ገባ ያድርገው፣ መሪውንም በጎማ መዶሻ ይንካካው። ቀጥሎ መሰኪያዎቹን ሰክተህ፣ ፊውዙን አውጥተህ በቦታው የ21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል አስገባና ባትሪውን አገናኝ። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሽቦህ ግን አይቃጠልም፤ ከሌለ የምትሰጠውን ጭነት ያህል ብቻ ይደምቃል። መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ሃያ ጊዜ አዙር። አምፖሉ አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ካለ ጥቅሉን አውጣ። ማጥፊያው በዚህ አይታይም፤ እሱን ሞተሩን አስነስተህ፣ በቆመበት፣ መሪውን እያዞርክ እየነቀነቅክ ፈትነው።

ከቀዳዳው የወጣው ጥቅል መሪው በዞረ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ነውና በመሪው ዘንግ አጠገብ ለስለስ ያለ ቀለበት ሠርቶ ይውረድ፤ ከቀዳዳው አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ አንድ ቦታ ላይ ይታሰር። ቀዳዳውን በሲሊኮን አትድፈነው፤ በእጀታው በኩል የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ደግሞ መዳብን ይበላል፤ ሽቦ አጠገብ አታድርሰው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልሲው አሁንም ከያዘ፣ ሽቦውን ከመሪው በስተኋላ በኩል በጥቁር እጅጌ አልብሰህ ከውጭ እሰረው። ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ አይታይም፤ እኔ ለራሴ ሞተር የመረጥኩት ይህን ነው። በውስጥ ካሳለፍከው ግን ከአንድ ወር በኋላ የግራውን እጀታ አውልቅ፣ ጥቅሉን ሦስት ሴንቲ ሜትር ጎትተህ እጅጌውን በእጅ ባትሪ እየው። ናይለኑ ላይ የተነሳ ጸጉር ወይም የተጫነ ጉድጓድ ካለ የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ በርዝመቱ ታውቃለህ። ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።